እከሌ ስንት ይመዝናል?

ብርቄ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ቸሃ አገርሽ አፈር አልብሰንሽ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ማንም ሳይሰማኝ "ነገ እጽፍልሻለሁ" ብዬሽ ነበር። ነገ ያልኩት ይኸው ዛሬ ደረሰ። ሰነፍ በይኝ፣ ቅር አይለኝም። ግን ስንፍና አይደለም፣ እፍረት ነው። ላንቺ መጻፍ ከጀመርኩ አንድ ነገር ሳልናገር ማቆም እንደማልችል ስለማውቅ ነው እስክሪብቶ ስሸሽ የከረምኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ልጃችን ቤቴል ደህና ናት። ወልቂጤ ትምህርቷን ቀጥላለች፤ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ጓዳውን ታገላብጥና ትቆጣኛለች፤ ያንቺው ቁጣ ነው፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም። ምግብ መሥራት ለምጃለሁ ብል ውሸታም ትይኛለሽ፤ ጎመን መቀቀል ግን ችያለሁ። እናትሽ ከቸሃ ቆጮ በሾፌር እጅ ይልኩልኛል። ባለፈው "ልጄ ብትሞትም አንተ ልጄ ነህ፣ እንዳትጠፋብኝ" ብለው ከቆጮው ጋር መልእክት ላኩብኝ፤ መነኸሪያው መሃል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ምን እንዳደረግኩ ቢያውቁ እንዲያ አይሉኝም ነበር።

ኩሽናው በር ላይ የሰቀልሽው ጥቁር ሰሌዳ እንዳለ ነው። የመጨረሻው ጥያቄሽ እንዳይጠፋ ቤቴል በላስቲክ ሸፍናዋለች። በአንድ ግቢ ውስጥ በጎችና ዶሮዎች አሉ፣ ራሳቸው ሲቆጠር ሃያ፣ እግራቸው ሲቆጠር ሃምሳ ስድስት፣ ስንት በግ ስንት ዶሮ? ቤቴል መልሱን ልትነግረኝ ስትል ጆሮዬን ደፈንኩ። መልስ አይነገርም፣ መንገዱን አሳየኝ እንጂ፣ ትይ የለ? ከዚያ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሥራ ሲጠፋ ሃያ ቁራጭ እንጨት ደረደርኩና ሃምሳ ስድስት ሚስማር ቆጠርኩ። ለእያንዳንዱ እንጨት ሁለት ሁለት ሚስማር አደልኩ። አሥራ ስድስት ተረፈ። የተረፈውን እንደገና ሁለት ሁለት አድርጌ ሳድል ለስምንቱ ደረሰ። ስምንት በግ፣ አሥራ ሁለት ዶሮ። ዘለልኩ ብርቄ! ዕድሜውን የማያውቅ ሰው መስዬ ዘለልኩ። ከዚያ የምነግረው ሰው ስፈልግ ቤቱ ባዶ ነው።

መጀመሪያ የተያየነውም እንዲህ ባለ ነገር አልነበር? አዲስ የተመደብሽ የሒሳብ መምህርት ነበርሽ፤ ለጥቁር ሰሌዳ የሚሆን ትልቅ የእንጨት ኮምፓስ ልታሠሪ ሱቄ መጣሽ። እኔ እየለካሁ ሳለ አንቺ ዝም ማለት መቼ ትችያለሽ፣ ቁጥር አስብ አልሽኝ። አሰብኩ። በሁለት አባዛው፣ ስድስት ጨምርበት፣ ለሁለት አካፍለው፣ አሁን መጀመሪያ ያሰብከውን ቀንስበት። ከዚያ ፊቴን እንኳ ሳታዪ፣ ሦስት ቀረህ አልሽ። ክው አልኩ። ሌላ ቁጥር አሰብኩ፣ አሁንም ሦስት። መቶ ሃያ አሰብኩ፣ ያው ሦስት። ይቺ ልጅ ጤነኛ አይደለችም ብዬ ልሸሽሽ ምንም አልቀረኝም። ኮምፓሱን ልትወስጂ ስትመጪ ነው ያስረዳሽኝ፤ ያሰብኩት ምንም ይሁን ምን መጨረሻ ላይ ራሱን ስለሚያጠፋ፣ የሚቀረው የስድስት ግማሽ ብቻ ነው። ኮምፓሱን አገላብጠሽ አየሽና "እጅህ አይስትም" አልሽኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል እየደጋገምሽልኝ ኖርሽ። ለእንግዳ፣ ለጎረቤት፣ ለቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሳይቀር። ሌላ ሰው ሲያመሰግነኝ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ፤ አንቺ ስትይው ግን ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ የምነግርሽ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የቅዳሜው የሒሳብ ክበብሽን ታስታውሻለሽ፤ እኔ ነኝ እንጂ የምረሳው፣ አንቺማ መቼ ትረሺዋለሽ። ልጆቹ ኤክስ ሲሏቸው ስለሚፈሩ ያልታወቀውን ቁጥር እከሌ አልሽው። እከሌ ከአራት ጋር ሆኖ አሥር ከሆነ፣ እከሌ ማነው? ይስቃሉ፣ እየሳቁም ይሠራሉ። ቤት ስትመጪ ጠመኔው ቅንድብሽ ላይ እንደ ነጣ ሆኖ፣ ዛሬ እከሌ እንዲህ አደረገ፣ ነገ እከሌን እንዲህ አደርገዋለሁ ትይኝ ነበር። ጎረቤት የሰማን እንደሆነ ሰው የምናማ ነበር የሚመስለው። አንድ ነገር ግን ያበሳጭሽ ነበር። "ከሁለቱም በኩል እኩል ቀንሱ" ስትያቸው በቃል ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም። ስለዚህ በዓይናቸው የሚያዩት፣ በእጃቸው የሚጭኑትና የሚያወርዱት ትልቅ የእንጨት ሚዛን ሥራልኝ አልሽኝ። አባትሽ በሕይወት ሳሉ ከግቢያቸው ካስቆረጡት ዋንዛ የተረፈች አንዲት ሳንቃ ነበረች። በሷ ይሁን አልሽ።

የሜትሬ ጫፍ ተሰብሮ የመጀመሪያዋ ሳንቲ ሜትር እንደሌለች ታውቂያለሽ፤ ግዛ ስትይኝ ከርመሻል። እኛ አናጢዎች ለዚህ ዘዴ አለን። ከአንድ ቁጥር ጀምረን እንለካና መጨረሻ ላይ አንዷን እናስባታለን፤ አንድ ሜትር እንጨት ስንፈልግ መቶ አንድ ላይ እንቆርጣለን ማለት ነው። ርዝመቱን ስቆርጥ አልረሳሁም። መሃሉን ልበሳ ስል ግን አንድ ደንበኛ ከደጅ ጠራኝ፣ ወሬ ያዝን፣ ስመለስ ሃምሳ አንድ ላይ መብሳት ሲገባኝ ሃምሳ ላይ በሳሁት። አንድ ክንዱ ሃምሳ አንድ፣ ሌላው አርባ ዘጠኝ ሆነ። ያወቅኩት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ስምሽን ጠርቤበት፣ ሁለቱን ጣሳ ሰቅዬ ሳነሳው ነው። ወደ ግራ ጋደለ።

ሌላ ዋንዛ የለም። ቀዳዳውን ደፍኜ ከጎኑ ብበሳ ጠባሳው ይታያል። ደግሞ ላንቺ ምን ልበል? ተሳሳትኩ? ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እለው ነበር። በቀኙ ጣሳ ሥር ቁራጭ ብረት በኮላ ለጠፍኩ፣ በላዩ ቀለም ቀባሁበት፣ ሚዛኑ ቀጥ አለ። አንቺ መጥተሽ ስታዪው አጨበጨብሽ፤ እጅህ አይስትም አልሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምስጋናሽን ተቀበልኩ።

እንዲህ ያለውን ሚዛን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባዶውን ቀጥ ይላል። ጥቂት ብሎን ሲጫንበትም ልዩነቱ አይታይም። ከበድ ሲልበት ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ያው ዕቃ በግራው ጣሳ ሲቀመጥ አንድ ዓይነት፣ በቀኙ ሲቀመጥ ሌላ ዓይነት ይመዝናል። አንቺ በክበቡ ትንንሽ ነገር ስለምትመዝኚበት ሁለት ዓመት ሙሉ አልታወቀም። እኔም ረሳሁት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ።

ከዚያ ያ የወላጆች ቀን መጣ። ከኋላ የተቀመጡት ወላጆች እንዲታያቸው ብለሽ ትልልቅ ቆርቆሮ አሸዋ ሞልተሽ ከደንሽ፣ በእያንዳንዱ ላይ "እከሌ" ብለሽ ጻፍሽ። በአንድ በኩል ሁለት እከሌና አራት ብሎን፣ በሌላው በኩል ብሎን ብቻ። እከሌ ስንት ብሎን ይመዝናል? ከፊት ወንበር አስቀመጥሽኝ፤ የሚዛኑ ባለሙያ ይኸው ብለሽ አስጨበጨብሽልኝ። ሦስት ቡድኖች ተራ በተራ ወጡ። ሁሉም ሁለቱን እከሌዎች በግራው ጣሳ አደረጉ፣ ሃያ ስምንት ብሎን ሲጭኑ ቀጥ አለ፤ ከሁለቱም በኩል አራት አወረዱ፣ ሃያ አራት፣ ለሁለት፣ አሥራ ሁለት። አንቺም ቀድመሽ መዝነሽ ፖስታ ውስጥ የከተትሽው ቁጥር አሥራ ሁለት ነበር።

ከዚያ ሐያት ወጣች። የበርበሬ ነጋዴው የጋሽ ሸምሱ ልጅ፣ ያቺ ቀጭኗ፣ "እጇን ሳታወጣ መልስ የማትሰጥ፣ መልስ ሰጥታም የማትሳሳት" ትያት የነበረችው። እሷም እንደ ሌሎቹ አሥራ ሁለት አለች። ግን አልተቀመጠችም። በርበሬ ተራ ሚዛን የተጠራጠረ ገዢ "አዙረህ መዝን" ይላል፤ ሻጩ ዕቃውን ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ያዛውርለታል፣ ያው ከሆነ ይገበያያሉ። ከሚዛን ኋላ ያደገች ልጅ አይደለች? እጇ ለምዶባት እከሌዎቹን ከአራቱ ብሎን ጋር ወደ ቀኝ፣ ሃያ ስምንቱን ብሎን ወደ ግራ አዛወረቻቸው። ሚዛኑ ጋደለ። ከግራው ሁለት ብሎን አወረደች፣ ቀጥ አለ። ሃያ ስድስት። አራት ሲቀነስ ሃያ ሁለት፣ ለሁለት አሥራ አንድ። ቀና ብላ፣ በዚያች በቀጭን ድምፅዋ "ቲቸር፣ ሚዛኑ ልክ አይደለም" አለች።

አንቺ ሳቅሽ። ሚዛኑንማ የሠራው ባለቤቴ ነው፣ እጁ አይስትም አልሽ። ወላጆቹ ዞረው አዩኝ። እሷ እንደገና ልታዛውር ስትል ሰዓቱ ሄዶብሽ ነበር፣ ሌላ ቡድን ቆሞ ይጠብቃል፤ "ጣትሽን ጣሳው ላይ አሳርፈሽበት ነው፣ ማታለል ነውር ነው፣ ቁጭ በይ" አልሻት። ከኋላ አንዱ ወላጅ "የነጋዴ ልጅ ሚዛን ታውቅበታለች!" ብሎ ጮኸና አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ እጇን ከሚዛኑ ላይ አነሣች። ከእኔ እስከ እሷ ሦስት እርምጃ አይሞላም። ተነስቼ "ልጅቷ ልክ ናት" ማለት ነበር፣ ሌላ ምን ነበር? ሦስት ቃል። ባርኔጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ የጠርዙን ስፌት ስቆጥር አባቷ ተነሡ፣ እጇን ይዘው ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ አሁን። ያኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲወጡ እፎይ ነው ያልኩት።

ማምሻውን ሚዛኑን ቫርኒሽ ልቀባው ብዬ ሱቅ ወሰድኩት። ቫርኒሽ አልፈለገም፤ አንቺ አዙረሽ እንዳትመዝኚበት ነው። በየቀኑ ስትጠይቂኝ አልደረቀም፣ ሥራ በዛብኝ፣ ነገ አልኩሽ። አንቺ ደግሞ ነገሩ አላስችል ብሎሽ ብሎኖቹን ምንጣፍ ላይ ደርድረሽ አንድ በአንድ ታገላብጫቸው ጀመር። ምናልባት ያቺን ልጅ በድያት እንደሆነስ አልሽኝ። ያኔም ዕድል ነበረኝ። ጎንሽ ተቀምጬ ምን አልኩ? "ብሎኖቹ ድሮም እኩል አይደሉም፣ አሮጌ ናቸው።" አመንሽኝ። ያልተመረመረ ብሎን አምጥቼ ልጅ አዋረድኩ ብለሽ ጥፋቱን ወደ ራስሽ ወሰድሽው። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ስትይ ደግሞ፣ ክረምቱ ይለፍ አልኩሽ። ክረምቱ ሲያልፍ ሐያት ሌላ ትምህርት ቤት ገባች፤ አንቺም ታመምሽ።

ሌላም አለ ብርቄ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ጥር ላይ፣ ከአልጋ መነሣት ባቃተሽ ሰሞን፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ሐያት ናት። ደብተር ይዛለች። ቲቸርን ላያት ነበር አለችኝ። ዓይኔ ደብተሩ ላይ ነበር፤ ምን እንደተጻፈበት ሳላውቅ ፈራሁት። ሰው አታይም፣ ሐኪም ከልክሏል አልኳት። ማን ሐኪም ከለከለ? "እሺ ጋሼ" ብላ እየዞረች እያየችኝ ሄደች። አንቺ ከውስጥ ሰምተሽ ማነው ስትይኝ፣ ቆራሊዮ ነው አልኩሽ። በዚያው ሳምንት ነው፣ "ያቺን ልጅ ሳላያት ልሞት ነው" ያልሽኝ። እኔ ደግሞ ትራስሽን እያስተካከልኩ፣ አትሞቺም፣ ተይ እንዲህ አትበይ አልኩሽ። ለቅሶሽ ላይ መጥታ ከዳር ተቀምጣ ስታለቅስ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ለጌታ ነግሬዋለሁ። በጉልበቴ ወድቄ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን ጌታ ቀድሞም ያውቀዋል፤ ለሚያውቅ መናገር ምን ይከብዳል?

ከሦስት ሳምንት በፊት በአንቺ ቦታ የመጣው መምህር ሱቅ ድረስ መጣ። ክበቡን በስምሽ እንደገና ልንጀምረው ነው፣ ያ የዋንዛ ሚዛን አለ ይባላል፣ ትሰጠናለህ ወይ አለኝ። እሺ አልኩት። ከሄደ በኋላ ከግድግዳው አወረድኩት፤ አቧራው ስምሽ ውስጥ ገብቷል። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሰብሬ ማገዶ ማድረግ ነበር። ተሰበረ ብል ማን ይጠይቀኛል? መጥረቢያውን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። እንደዚህ ሆኜ ሁለት ቀን ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ሚዛኑን በጆንያ ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ ጫንኩና ወደ በርበሬ ተራ ሄድኩ።

ጋሽ ሸምሱ ከጆንያዎቹ መሃል ተቀምጠዋል። አሰላሙ አለይኩም አልኳቸው፤ መለሱልኝና አንቺን አላህ ይርሐማት አሉ። በርበሬው እያስነጠሰኝ፣ አንዴ ስናገር አንዴ ሳስነጥስ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሜትሩ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ወላጆች ቀን፣ ስለ በሩም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ረጋ ብለው፣ "ወላሂ ያኔውኑ አውቄዋለሁ" አሉኝ። "ሠላሳ ዓመት ከሚዛን ፊት ቆሜ ይሄ ይጠፋኛል? አንተን ነበር የማየው። አሁን ይነሣል፣ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ። ባልሽ አጥፍቷል ብዬ ሴትዮዋን በሰው ፊት ላሳፍራት አልፈለግኩም። ሳትነሣ ስትቀር ልጄን ይዤ ወጣሁ" አሉኝ። ፊቴን የት ልክተተው ብርቄ? ሰውየው ተዋርደው እንኳ አንቺን ጠብቀውሻል፤ እኔ ባልሽ አልጠበቅኩሽም።

ሐያትን ከሱቁ ጓዳ ጠሯት። አድጋለች፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። ሳልጠይቃት ገብታ ያንን ደብተር ይዛ መጣች። በሩ ላይ የመለስኩት ደብተር። ክስ ነው ብዬ ነበር የፈራሁት። አልነበረም። ጥያቄ ሠርታ ነው ያመጣችልሽ። አንዱን ክንድ በአንድ ፊደል፣ ሌላውን በሌላ ፊደል ጠርታ፣ በግራ ሃያ ስምንት፣ በቀኝ ሃያ ስድስት፣ ሁለት መስመር ጽፋ፣ እርስ በርስ አካፍላ፣ የእንጨቱን ርዝመት አንድ ሜትር ገምታ፣ ቀዳዳው ከመሃል ስንት እንደራቀ አውጥታዋለች፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። እኔ በሜትር የሳትኩትን እሷ ሳትነካው በእርሳስ አገኘችው። እከሌም አሥራ ሁለትም አሥራ አንድም አይደለም፣ በመሃል ነው ብላ ጽፋለች። መንገዱን አንድም ሳትዘል አሳይታ፣ ከሥሩ ለአንቺ ማረሚያ ቦታ ትታለች። ለምን አመጣሽላት ስላት፣ ቲቸር እንዳትጨነቅ ብዬ ነው፣ እኔም አላታለልኩም እሷም አልተሳሳተችም፣ ቀዳዳው ነው አለችኝ።

አየሽ? እኔ በር ላይ ቆሜ የመለስኩት ዕረፍትሽን ነው። ጋሽ ሸምሱ ያውቁ ነበር፣ ልጅቷ ታውቅ ነበር፣ እኔ አውቅ ነበር። ሳታውቂ የሄድሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ሐያትንና አባቷን ይዤ ክበቡ ገባሁ። ልጆቹ ፊት ሚዛኑን ሰቀልኩና ብረቱን በመሮ ፈንቅዬ አወጣሁት። ጋደለ። ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሚዛኑ ልክ አይደለም ያለችው ይቺ ልጅ ልክ ነበረች፣ እኔ እያወቅኩ ዝም አልኩ፣ መምህርታችሁም እኔን አምና ነው የተሳሳተችው አልኳቸው። ሐያት ሰሌዳው ላይ ወጥታ ሁለቱን መስመር ጻፈችና አስረዳቻቸው፤ አንቺ እንደምታደርጊው መልሱን ሳትነግር ነው ያስረዳቻቸው። ልጆቹ ሚዛኑን መጣል አይገባም፣ ጎደሎውን ፈልጉ ብለን ጥያቄ እናደርገዋለን አሉ። ስለዚህ እንደ ጋደለ እዚያው ተሰቅሏል።

ልወጣ ስል ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ፣ ታዲያ ለምን ዝም አልክ አለችኝ። አያድርስ ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ እያሰብኩ መጣሁ፤ መልሱን ግን ለእሷ ሳይሆን ላንቺ ነው የምነግርሽ። ፈርቼሽ ነው። ትቆጫለሽ ብዬ አይደለም፣ ቁጣሽንማ እችለዋለሁ። ከእንግዲህ ያንን ቃል አትይኝም ብዬ ነው። አንድ ምስጋና እንዳይቀርብኝ ብዬ አንዲት ልጅ አዋረድኩ፣ አንቺንም ሕሊናሽ እንደ ቆሰለ ሸኘሁሽ። እጄ መሳቱ ምንም አልነበረም፤ የማንም እጅ ይስታል።

ሰው ሲያነሣሽ ደግ መምህር ነበረች፣ ሳቂታ ነበረች ይላል። ልክ ነው። እኔ ግን ቃል የምገባልሽ ሌላውንም ላስታውስ ነው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያነሣሽ፣ የሌለብሽን ስህተት ስትፈልጊ የነበርሽበትን ያንን ማምሻ አልረሳውም። እኔ ጎንሽ ነበርኩ። ልብሽ ሲደክም እያየሁ ነበር።

ስህተቱ ያንቺ አልነበረም ብርቄ። የእኔ ነበር። ይህን ለጋሽ ሸምሱም፣ ለሐያትም፣ ለልጆቹም ከመናገሬ በፊት፣ አጠገቤ ሳለሽ፣ ላንቺ መናገር ነበረብኝ።

ባልሽ